በስሟ የተሞላው ካርድ

ራይንፌልድ፣ ሰሜን ዳኮታ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1995

ውድ ልጄ ቬሬና፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ገብቶ የመኪናዬ ባትሪ ሁለት ቀን እምቢ ከማለቱ በቀር እኔ ደህና ነኝ፤ ጌታ ይመስገን። መልሱን ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። እናትሽ በሕይወት ሳለች ደብዳቤውን እሷ ትጽፍና እኔ ከግርጌ "አባትሽም ሰላም ይልሻል" ብዬ እፈርም ነበር። ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የእኔ እጅ ግን ዛሬም ከግርጌው በላይ አልወጣ ብሏል። በስልክ እናውራ ያልሽውን ተይው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ በየገበሬው ደጅ ያደረስኩ ፖስተኛ ለገዛ ልጄ መጻፍ ካቃተኝ ምኑን ኖርኩት?

የትኛውን ዲፓርትመንት ልምረጥ ላልሽው ጥያቄ መልሴ "አንዱንም" ነው። አትቆጪ። መጀመሪያ ኦርጋን መጫወት ነበር። በመስከረም ላቲን ሆነ። ለገና ስትመጪ ሻንጣሽን አንሥቼ ወገቤን ሊቆርጠኝ ሲል "ድንጋይ ነው አባዬ፣ ጂኦሎጂ" አልሽኝ። አሁን ደግሞ ሣር። ሣር፣ ቬሬና! ቅድመ አያቶችሽ ከሩሲያ ድረስ የመጡት ሣር ገልብጠው ስንዴ ሊዘሩ ነው እንጂ ሣር ሊያጠኑ አይደለም።

ሁሉን እወዳለሁ የሚል ሰው በእኔም መንገድ ላይ አለ። ኤልመር ይባላል። በወር አሥራ ሰባት መጽሔት አደርስለታለሁ፤ ስለ ንብ፣ ስለ ከዋክብት፣ ስለ ጀልባ። ባሕር አይቶ አያውቅም። አጥሩ ከወደቀ አራት ዓመቱ ነው።

እስከ ማርች 1 ዲፓርትመንት ያልመረጠ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለመጪው ዓመት አይመዘገብም ብለሽኛል። ስድስት ሳምንት ቀረሽ። በነገራችን ላይ፣ ሚስተር ቢትዝ መድኃኒት ቤቱን የሚረከበው ሰው ካላገኘ ሊዘጋው ነው። የሚማርለት ልጅ ካለ አምስት ዓመትም ቢሆን እጠብቃለሁ ይላል። ለወሬ ያህል ነው የነገርኩሽ።

አባትሽ ኦትማር

የሴቶች ማደሪያ፣ ክፍል 214
ጃንዋሪ 27 ቀን 1995

ውድ አባዬ፣

ደህና ነኝ። እበላለሁ። አዎ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ጓንቱ ልክ ሆኖኛል፤ አመሰግናለሁ። አይ፣ የወንድ ጓደኛ የለኝም፤ ቢኖረኝ ከአራት ዲፓርትመንት ጋር እንዴት ይቻለኝ ነበር?

ለወሬ ያህል ነው አልክ? አንተ ለወሬ ያህል የምትናገረው ነገር እንደሌለ እናቴም ታውቅ ነበር።

አማካሪዋን አላገኘችም ብለህ እንዳታስብ። አግኝቻታለሁ። ወይዘሪት ፕሩዊት ትባላለች፤ ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ አበባ አለ፤ ታጠጣዋለች መሰለኝ።

"ዓይንሽን ጨፍኚና ከአሥር ዓመት በኋላ ያለችውን ቬሬናን እያት። ምን ይታይሻል?" አለችኝ።

"ጨለማ" አልኳት።

"ተጫዋች ነሽ" ብላ ፋይሌ ላይ ጻፈችው።

ቀጥላም መቶ ሃያ ጥያቄ አስሞላችኝ። ኮምፒውተሩ አስቦ አስቦ፣ የቀብር አስፈጻሚ ወይም የማርሽ ባንድ መሪ ብሆን እንደሚያዋጣኝ ተናገረ። ለዚህ ነው ወይዘሪቷ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው።

እዚህ ሁሉም የሚያደንቁት የክፍል ጓደኛዬን ነው፤ በአሥራ አንድ ዓመቷ ነርስ እሆናለሁ ብላ እስካሁን ያላወላወለችውን። የሠላሳ ዓመት ሴት ሕይወት ላይ የአሥራ አንድ ዓመት ሕፃን ማን እንደሾመ ግን የሚጠይቅ የለም። አንተም እንደነሱ ማወላወል የምትለው እኔ አንዱን ስይዝ ሌላው እጄ ላይ ስለሚያለቅስብኝ ነው። ይህን ስጽፍልህ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ሳቅ።

አንድ ነገር ልለምንህ። የመምረጫ ካርዱ ለሁላችንም በፖስታ ተልኳል ይላሉ፤ የእኔ አልደረሰኝም። ዶርም ስለቀየርኩ ወደ ቤት ሄዶ ይሆናል። ሲመጣ አስተላልፍልኝ።

ልጅህ ቬሬና

ራይንፌልድ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1995

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ጋ በረዶው እስከ ፖስታ ሳጥኖቹ አንገት ደርሷል። የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ የምንጣፉን ቀለም ለመወሰን ለሦስተኛ ጊዜ ተሰብስቦ ለሦስተኛ ጊዜ ተጣልቶ ተለያየ። የጌታን ቤት እንዲህ ባሉ ሰዎች ማስጠበቁ ትዕግሥቱን ያሳያል። እኔም ከመካከላቸው አንዱ ነኝ፤ ቡናማ ይሁን ብያለሁ።

ሰው ስለ አንቺ ይጠይቃል። ባለፈው ሐሙስ ካፌ ውስጥ ሾርባዬን ስጠጣ ሚስተር ቢትዝ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ጮክ ብሎ፣

"ኦትማር! ልጅህ ደግሞ አሁን ምን ሆነች?" አለኝ።

"ሣር ታጠናለች መሰለኝ" አልኩ።

"እሱንማ የእኔ ላም ያለ ኮሌጅ ታውቀዋለች!"

ካፌው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አስተናጋጇ ሳትቀር ሳቀች፤ እሷ እንኳ ሁለት ጊዜ ከትምህርት ቤት የተባረረች ናት።

ስለ ካርዱ፣ ፖስታ በክረምት ይዘገያል። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

አባትሽ ኦትማር

ክፍል 214
ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1995

አባዬ፣

ወሰንኩ! ተቀመጥ፤ ቆመህ ከሆነ ማለቴ ነው።

የሣርና የግጦሽ መሬት ጥናት። አዎ፣ ለሚስተር ቢትዝ ላም ሰላምታ በልልኝ።

ዶክተር ኦምዳል የሚባሉ ሰባ ዓመት የሞላቸው አስተማሪ አሉን፤ ክፍል ውስጥ ሲናገሩ ያንቀላፋሉ፣ ሜዳ ሲወጡ በጉልበታቸው እየዳሁ ያስተምራሉ። በኅዳር አንድ የገጠር መቃብር ወሰዱን። ዙሪያው ሁሉ ታርሷል፤ ማረሻ ያልነካው የሙታኑ ጥግ ብቻ ነው። እዚያች ጥግ ላይ ከመቶ ዓመት በፊት ሜዳውን ሁሉ ሸፍኖት የነበረው ሣር እስካሁን አለ። ሥሩ ከሬሳ ሣጥኖቹ በታች ይወርዳል። ስሙ በላቲን ነው፣ የሚበላው ድንጋዩን ነው። ሁለቱን ሳልጥላቸው አብረውኝ ገቡ። ኦርጋኑ ብቻ ውጭ ቀረ። ለእሱ አልቅሼለታለሁ፤ ለማንም አትንገር።

ዶክተር ኦምዳል በዚህ በጋ ስድስት ተማሪ ይዘው ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ጡረታ ነው፤ ሌላ አያስተምሩም። ስድስተኛዋ እኔ ነኝ! ዲፓርትመንቱን የመረጠ ብቻ ነው የሚሄደው። የእኔ ካርድ ስላልመጣ ከሬጅስትራር ትርፍ ወስጄ፣ ሞልቼ፣ ዛሬ ጠዋት አስገባሁ። የፖስታ ቤታችሁን ስንፍና ይቅር ብያለሁ።

ቬሬና

ክፍል 214
ማርች 8 ቀን 1995

ይድረስ ለአቶ ኦትማር ሽዊንት፣

ጤናዎን አልጠይቅም።

ትናንት ሬጅስትራር ተጠርቼ ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ ያሉት ሴትዮ ሁለት ካርድ ጎን ለጎን አስቀመጡ።

"የትኛዋ ቬሬና ነሽ?"

"ሁለተኛዋ።"

"የመጀመሪያዋስ ማን ናት?"

የመጀመሪያዋን እኔም አላውቃትም። ፋርማሲ መርጣለች። በፌብሩዋሪ 3 ከራይንፌልድ ተልካለች። ከስሯ "ኦ. ሽዊንት፣ የቤቱ ኃላፊ" የሚል ፊርማ አለ። ካርዱ ላይ "የቤቱ ኃላፊ" የሚል ቦታ የለም። እርስዎ ቦታ ፈጥረው ነው የጻፉት።

እንደ ደንቡ ቀድሞ የገባው ካርድ ይጸናል፤ መቀየር የሚቻለው በመጪው ዓመት ነው። በመጪው ዓመት ዶክተር ኦምዳል የሉም። ቦታዬን የምትጠብቅ አንዲት ልጅ አለች፤ ትናንት ከሩቅ ስታየኝ ፈገግ አለች።

"ፖስታ በክረምት ይዘገያል" ብለው የጻፉልኝ ካርዱን ከላኩ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉበትን ሥራ ለአንዲት ውሸት መሸፈኛ ሲያደርጉት አላፈሩም?

ቬሬና ሽዊንት

ራይንፌልድ
ማርች 14 ቀን 1995

ልጄ ቬሬና፣

"ውድ" የሚለውን ጽፌ ሰረዝኩት፤ ከእኔ እጅ ሲወጣ አላማረኝም።

የሆነውን ልንገርሽ። ጃንዋሪ 30 ጠዋት ፖስታ ስለይ የአንቺ ደብዳቤና የኮሌጁ ፖስታ ተከታትለው እጄ ገቡ። ፖስታው ላይ ስምሽ በጥሩ ፊደል ተጽፏል። አዲሱን አድራሻ ጽፎ ወደ ማስተላለፊያው ሣጥን መወርወር የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ እሠራዋለሁ። እኔ ኪሴ ከተትኩት። ሦስት ቀን ይዤው ዞርኩ። ያን ሐሙስ ካፌው በሙሉ ሲስቅ እጄ ኪሴ ውስጥ እሱኑ ጨብጦ ነበር። ያንኑ ዕለት ቤት ገብቼ ከፈትኩት።

በየኅዳሩ ቤተ ክርስቲያን የሚታደለውን የአገልግሎት ካርድ ታውቂዋለሽ። ማን ይዘምራል፣ ማን ያጸዳል፣ ማን ሕፃናት ያስተምራል የሚለውን የቤቱ ኃላፊ ለቤተሰቡ ሁሉ ሞልቶ ይፈርማል። አባቴ ለእኔ ሞላ፤ ድምፅ ሳይኖረኝ ሃያ ዓመት ዘመርኩ። እኔ ለእናትሽ ሞላሁ። አንቺንም በአሥራ ሁለት ዓመትሽ ኦርጋን ላይ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ፤ ጠይቄሽ አይደለም። የኮሌጁ ካርድ መጠኑም ክሬም ቀለሙም ያንኑ ይመስላል። ከልማዴ የተነሣ ሞላሁት ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ግን ለቤተ ክርስቲያኑ ካርድ የሰው ፖስታ ቀድጄ አላውቅም።

ጸልዬበታለሁ። ሦስቱንም ቀን። በሦስተኛው እሺ የተባልኩ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ድምፁ የእኔን ይመስል ነበር።

ይህን ያደረግኩት ለአንቺ አስቤ ነው። ይቅርታሽን አልጠብቅም፤ እጠይቃለሁ ግን።

ኦትማር

ክፍል 214
ማርች 20 ቀን 1995

ይድረስ ለአቶ ሽዊንት፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። "ለአንቺ አስቤ" የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜም አሳቀኝ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልዎ፣ ደንግጬ ነው። ቀኑን ሙሉ ስስቅ የዶርሙ ልጆች ምን ሆነች አሉ።

ባይጠይቁኝም፣ የሚደረግ ነገር አለ። ካርዱን የፈረመው ሰው በራሱ እጅ ጽፎ ካስረዳ አንድ ኮሚቴ አይቶ ሊሰርዘው ይችላል። እስከ ኤፕሪል 1 ካልደረሰ ቦታዬ ለዚያች ፈገግተኛ ይሰጣል።

ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ቀርቶዎታል። የሰው ፖስታ የከፈተ ፖስተኛ ምን እንደሚደርስበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ ፖስታው "ለሽዊንት ቤተሰብ" የሚል ነበር ብለው ይጻፉ። የሚያጣራ የለም፤ ፖስታው የቀረው እርስዎ ጋ ነው። አንድ ውሸት ለራስዎ ዋሽተዋል፤ አንዱን ደግሞ ለእኔ ይዋሹ።

ይህን የምመክርዎ አዝኜልዎ አይደለም። ሥራ ፈትተው ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ እንዳይጽፉልኝ ነው።

ቬሬና

ራይንፌልድ
ማርች 27 ቀን 1995

ልጄ ቬሬና፣

ጽፌ ልኬዋለሁ። በአደራ ደብዳቤ ነው፤ ለመቀበል ይፈርማሉ። ያልሽኝን ግን አልጻፍኩም። ለሦስት ቀን ሞክሬዋለሁ፣ ወረቀቱን ሳይቀር እንዳልሽው ጽፌ አስተካክዬ ነበር። ሰውዬው ጨዋ ይመስል ነበር በዚያ ወረቀት ላይ፤ ፖስታው ለቤተሰቡ ስለመጣ በቅንነት የከፈተ አባት። እንዲህ ያለውን ሰው በቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ተቀምጫለሁ፤ አስጠላኝ። ቀደድኩት።

በኋላ ሌላ ሰው ከሚነግራት ብዬ የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ዴልፊን ጋ ገባሁ። ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።

"አልሰማሁህም ኦትማር። ውጣና እንደገና ግባ።"

ወጣሁ። ገባሁ። ደገምኩላት።

"አንተ ሰውዬ! እንደገና ግባ ያልኩህ ስለ አየሩ እንድታወራኝ ነው እኮ!"

"አየሩ ደህና ነው" አልኳት።

"አሥራ አራት ወር! አሥራ አራት ወር አፍህን መዝጋት አቃተህ? ባልሽ ሞኝ ነው ስትባል ሊዮና ትከራከርልህ ነበር፤ ነፍሷን ይማር፣ ተሳስታ ነበር" ብላ ተነሥታ ስልኩን አነሣች። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መደወል ግዴታዋ ነው። ስትደውል ጀርባዋን ሰጠችኝ።

የሚሆነውን ገና አላውቅም። ስለ እሱ እንዳትጠይቂኝ።

ኦትማር

ክፍል 214
ኤፕሪል 24 ቀን 1995

አባዬ፣

ኮሚቴው ካርዱን ሰርዞታል። ስድስተኛዋ እኔ ነኝ። ጁን 4 ቀን እንወርዳለን።

ውጤቱን ሊነግሩኝ የጠሩኝ የመስኮቷ ሴትዮ ናቸው። የአንተን ወረቀት በሁለት ጣታቸው ይዘውት ነበር፤ ሦስት ገጽ፣ በሁለቱም ወገን።

"አባትሽ ሰባኪ ናቸው?" አሉኝ።

"ፖስተኛ ናቸው።"

"ይህን ሁሉ መጻፍ አልነበረባቸውም። 'ፊርማው የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም' የምትል አንዲት መስመር ትበቃን ነበር። ኮሚቴውም ከአንደኛው መስመር አላለፈም።"

ሰማህ? አንዲት መስመር! ስለ ፖስታው አንድም ቃል የጠየቀህ አልነበረም። እኔም ዋሽ ስልህ፣ አንተም አልዋሽም ስትል፣ ሁለታችንም ማንም ላላነሣው ጥያቄ ስንከራከር ነበር። በፈቃድህ እንድትለቅ እንዳደረጉህ ዴልፊን ደውላ ነገረችኝ። ከአንተ መስማት ነበረብኝ፤ በዚህ ቤት እኮ የሚደበቅ ነገር አያልቅም። ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን በጫማ መታሁት። እንዲህ ያለ ሞኝ በአገር ላይ የለም ብዬ ጮህኩ፤ የጎረቤት ክፍል ልጅ "ማን ነው?" ብላ መጣች። "አባቴ" አልኳት።

ወረቀቱን ግን ኮፒ ለምኜ ወሰድኩ። ኮሚቴው ያላነበበውን አነበብኩት። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ፋርማሲን የመረጥኩት ለልጄ አስቤ ነው ብያት ነበር። ይህ እውነት አይደለም። መድኃኒት ቤቱ ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። እዚያ ብትሠራ ፖስታ ስለይ በመስኮቱ ትታየኝ ነበር።"

ይህን ለእኔ ሳይሆን ለማታውቃቸው ሰዎች መጻፍህ በጣም አናዶኛል። አሁንም ንዴቱ አልበረደም። ይቅር እንድልህ ጠይቀኸኛል፤ አላልኩም። ስትጠይቀኝ ደግሞ ይበልጥ እምቢ ይለኛል።

አንዱን ግን ልንገርህ። ሣሩን ከሁሉ አብልጬ ስለምወድ እንዳይመስልህ። ማክሰኞ ማክሰኞ ኦርጋኑ ይበልጥብኛል። በሌላ ሰው እጅ ፋርማሲ ሆኜ አምስት ሳምንት ስቆይ ነው የገባኝ፦ የፈራሁት መምረጡን አልነበረም፤ የተውኳቸውን መቅበሩን ነው። መቅበሩንም ቢሆን ራሴ ልቅበራቸው።

ቬሬና

ራይንፌልድ
ጁን 11 ቀን 1995

ውድ ልጄ ቬሬና፣

በሰላም መግባትሽን የምትገልጸው ካርድ ደርሳኛለች። ያመጣልኝ አዲሱ ፖስተኛ ነው። ወጣት ነው፣ ፍጥነት ያበዛል፣ የሁለት ጎረቤታሞችን ጋዜጣ አለዋውጦ ይጥላል። ደጅ ወጥቼ ልነግረው አስቤ ተውኩት። የምመክረው እኔ ነኝ?

ቀኑን በምን እንደማሳልፍ ጠይቀሻል። የድሮ መንገዴን በእግሬ እሄደዋለሁ፤ ሁሉንም አይደለም፣ እስከ ድልድዩ ድረስ። መኪና ለምጄ የነበርኩ ሰው ጉልበቴ ይሰድበኛል። በቀደም ዕለት ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ወርጄ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ አንድ ገበሬ መኪናውን አቆመ።

"ምን ጠፋብህ ኦትማር?"

"ምንም።"

"ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?"

ተመልሼ ጎንበስ አልኩ። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እስኪመሽ ከተማው ሁሉ ይሰማዋል፤ ይስሙ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሳምንት ስድስት ቀን በዚያ ቦይ አጠገብ አልፌያለሁ። ለእኔ ያው ሣር ነበር። ወርጄ ብቆጥር ሰባት ዓይነት አገኘሁ፤ ከሰባት በኋላ የቆጠርኩትና ያልቆጠርኩት ተምታታብኝ። ሌላው ሰው ምን መማር እንዳለበት በድፍረት ሊወስን የተነሣው ይህ ሰው ነው።

በዚህ ፖስታ ውስጥ አንዱን አድርጌልሻለሁ። ፍሬው ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ ከኋላው ረጅም ጭራ እንደ ክር ተጠምዝዞ ይንጠለጠላል። ሱሪዬን በስቶ ገብቶ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ። በእርጥብ ጣት ስነካው በራሱ ይሽከረከራል፤ ወጥ ቤት ቆሜ ሦስት ጊዜ አየሁት።

ስሙ ማን ነው?

አባትሽ ኦትማር